የራጅ ባለቤት፤ የቪልሄልም ሮንትገን የሕይወት ታሪክ

ቆቦ ላይ ራጅ የሚለውን ቃል የማያውቅ ሰው የለም። ከዞብል ተራራ ግርጌ እስከ ጎብዬ በተዘረጋው የማሽላ ሜዳ የሚኖረው ገበሬ፥ ኤሌክትሪክ ከቤቱ ሳይገባ እንኳ ራጅን ያውቀዋል። በሕጋዊ መንገድ ወደ ሳዑዲ ዓረብ ለመሻገር የተነሣ ጎረምሳ ደረቱን ራጅ ሳይነሣ ወረቀቱ አያልቅለትም። ሳል የጠናባቸው አዛውንትም ራጅ ተነሥተው ይመለሳሉ፤ ጥቁሩ ፊልም በትልቅ ፖስታ ተከቶ ከግድግዳው ላይ፥ ከቤተ ሰቡ ፎቶግራፍ አጠገብ ይሰቀላል። እንግዳ ሲመጣ ፊልሙ ከተሰቀለበት ወርዶ ወደ ብርሃን ተዘርግቶ ይታያል። የሚያነበው ባይኖርም ሁሉም ያየዋል።

የዚህ ነገር ባለቤት ማን ነው? ቃሉ የጣልያን ነው፤ ጣልያኖች ጨረሮችን ራጂ ይሏቸዋል፥ እኛም ከእነርሱ ሰምተን ራጅ አልነው። ሰውየው ግን ጣልያን አልነበረም። ጀርመን ነበር፤ ስሙም ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን ይባላል። የሕክምና ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ስለ እርሱ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሆኜ ስለ ጨረር ለመጻፍ የደፈርሁበት ምክንያት አለኝ፤ እርሱን በስፍራው እናገራለሁ። ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ የአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ሮንትገን የተወለደው ማርች 27 ቀን 1845 በጀርመን አገር፥ ሌኔፕ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ የጨርቅ ነጋዴ ነበረ፤ ወንድምም እኅትም አልነበረውም። ሦስት ዓመት ሲሆነው ቤተ ሰቡ ወደ ሆላንድ፥ ወደ አፐልዶርን ተዛወረ፤ ልጅነቱንም እዚያ አሳለፈ። በትምህርቱ ከሌሎቹ ልጆች የተለየ እንዳልነበረ ይነገራል። ይወድ የነበረው ሜዳና ዱር መዞር፥ ደግሞም በእጁ መሣሪያ መሥራት ነበር።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ግን እኛን ተማሪዎችን ይመለከታል። ሮንትገን በኡትረክት ከተማ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲማር አንድ ተማሪ የመምህሩን መልክ እያላገጠ በሥዕል አወጣው። መምህሩ ሲደርስበት ሥዕሉን የሠራው ማን እንደ ሆነ ሮንትገን ተጠየቀ። ሠዓሊው እርሱ አልነበረም፤ ሠዓሊውን ግን ያውቀው ነበር፥ ስሙንም አልናገርም አለ። በዚህም ምክንያት በ1863 ከትምህርት ቤቱ ተባረረ። በኋላም የዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሆነውን ምስክር ወረቀት በግል ተፈትኖ ለማግኘት ሞከረ፤ አልተሳካለትም። ያ ወረቀት ዕድሜውን ሙሉ ሳያገኘው ቀረ። በሆላንድም በጀርመንም ወረቀት የሌለው ሰው በር ላይ ይቀራል፤ ይህ ጠባይ የእነርሱ ብቻ አለመሆኑን ሬጂስትራር ፊት ተሰልፎ የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል።

ከብዙ ድካም በኋላ በስዊስ አገር የዙሪክ ፖሊቴክኒክ ያለዚያ ወረቀት ተማሪ እንደሚቀበል ሰማና በ1865 ገባ። በ1868 በመሐንዲስነት ተመረቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት ስለ ጋዞች ጽፎ የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ። በዙሪክም ሁለት ሰዎች አገኘ። አንዱ አውጉስት ኩንት የሚባል የፊዚክስ መምህር ሲሆን፥ መሐንዲሱን ወደ ፊዚክስ የሳበው እርሱ ነው። ሁለተኛዋ አና በርታ ሉድቪግ ነበረች፤ አባቷ ተማሪዎች የሚሰበሰቡበት የመጠጥ ቤት ባለቤት ነበር። በ1872 ተጋቡ። ልጅ አልወለዱም፤ የበርታን የወንድም ልጅ ወስደው እንደ ልጃቸው አሳደጓት።

ኩንት ወደ ቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ሮንትገንን ረዳቱ አድርጎ ይዞት ሄደ። ዩኒቨርሲቲው ግን ሮንትገን የማስተማር ፈቃድ ሲጠይቅ ከለከለው፤ ምክንያቱም ያ የመግቢያ ወረቀት አለመኖሩ ነው። ዶክተር ሆኖ እንኳ የልጅነቱ ጉድለት ተከተለው። ስትራስቡርግ ግን ተቀበለችው። ከዚያም በሆሄንሃይም፥ ቀጥሎም በጊሰን አስተማረ። በ1888 ያው ቩርትስቡርግ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ይሁንልኝ ብሎ ጠራው፤ በ1894ም ሬክተር አድርጎ መረጠው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሮንትገን ግን እንደዚህ ባለ ነገር የሚስቅ ሰው አልነበረም። ዝምተኛ፥ ዓይነ አፋር፥ በአዳራሽ ሲያስተምር ድምፁ ከኋላ የማይሰማ ሰው እንደ ነበር ያወቁት ሁሉ ይናገራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ሌሊት ደረስን። ቀኑን በእኛ አቈጣጠር ላስቀምጠው፤ 1888 ዓ.ም. ጥቅምት 29፥ ዓርብ ማታ ነበር። በዚያ ሳምንት በአገራችን የአፄ ምኒልክ ሠራዊት ጣልያንን ለመግጠም በወሎ በኩል ወደ ሰሜን ይጓዝ ነበር። ቩርትስቡርግ ላይ ግን አንድ የሃምሳ ዓመት ሰው በጨለማ ክፍል ውስጥ ብቻውን ቆሞአል። አየሩ የተመጠጠበትን የብርጭቆ ቱቦ በጥቁር ካርቶን ሸፍኖ ብርቱ ኤሌክትሪክ ለቀቀበት። ከካርቶኑ ውስጥ ምንም ብርሃን ሊወጣ አይችልም፤ አልወጣምም። ነገር ግን ከቱቦው ራቅ ብሎ የነበረ፥ ባሪየም ፕላቲኖሳያናይድ የሚባል ቅመም የተቀባ ሰሌዳ ማብራት ጀመረ። ኤሌክትሪኩን ሲያጠፋው ይጨልማል፤ ሲለቀው ያበራል። እንደዚህ ዓይነት ቱቦ በአውሮፓ ቤተ ሙከራዎች ሁሉ ሞልቶ ነበር። አንዳንዶቹም ሊቃውንት በአጠገቡ ያስቀመጡት የፎቶግራፍ ሰሌዳ ያለ ምክንያት ሲበላሽባቸው ጥለውት ያልፉ ነበር። ሮንትገን አላለፈውም።

ከዚያ በኋላ ሰባት ሳምንት ለማንም ሳይናገር ሠራ። ምግቡን በቤተ ሙከራው በላ፥ አልጋውንም እዚያው አዘረጋ። በጨረሩ ፊት መጽሐፍ አቆመ፤ አለፈው። እንጨት አቆመ፤ አለፈው። እርሳስ የሚባለው ብረት ብቻ አላሳልፍም አለው። እጁን ቢያስገባ የገዛ አጥንቱን በሰሌዳው ላይ አየ። በዚያው መካከል፥ ኅዳር 28 ቀን፥ ከራያ በስተ ሰሜን በአምባላጌ ላይ ጦርነት ሆነ፤ እርሱ ግን ይህን የሚሰማበት ጆሮ የነበረው አይመስለኝም። ታኅሣሥ 13 ቀን ሚስቱን ጠርቶ እጇን በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ አስቀመጠና ጨረሩን ለ15 ደቂቃ ያህል ለቀቀበት። ሥዕሉ ሲታጠብ የበርታ የጣቶች አጥንት፥ በአንዱም ላይ ቀለበቷ እንደ ጥቁር ጕብጕብታ ወጣ። በርታ ሥዕሉን ስታይ ደነገጠች፤ የሞቷን ምልክት ያየች መሰላት ይባላል። ታኅሣሥ 19፥ እኛ ገብርኤልን በምናከብርበት ቀን፥ ጽሑፉን ለቩርትስቡርግ የፊዚክስና የሕክምና ማኅበር ሰጠ።

በዚህ ጽሑፍ ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ስያሜው ነው። ሮንትገን ጨረሩ ምን እንደ ሆነ አላወቀም ነበር፤ ስለዚህ በሒሳብ ትምህርት ያልታወቀው ነገር ኤክስ እንደሚባል የኤክስ ጨረር ብሎ ሰየመው። ጃንዋሪ 23 ቀን 1896 በማኅበሩ ፊት ሲናገር ሽማግሌው ሊቅ ኮሊከር እጁን አስነሥቶ፥ ጨረሩ በሮንትገን ስም ይጠራ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተቀበለው። እርሱ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ኤክስ ማለቱን አልተወም። ያየውን አየሁ፥ ያላወቀውን አላወቅሁም ብሎ መጻፍ የሚችል ሰው በዚያም ዘመን ብዙ አልነበረም።

ወሬው በጥቂት ሳምንት ዓለምን ዞረ። ወደ እኛም በሚያስገርም መንገድ መጣ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የሆነውን ማንም ያውቃል። በሜይ 1896 ኔፕልስ ባለው የጣልያን ጦር ሆስፒታል ጁዜፔ አልቫሮ የሚባል የጦር ሐኪም፥ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ የሁለት ወታደሮችን ክንድ በአዲሱ ጨረር አንሥቶ በውስጡ የቀረውን ጥይት ፈለገ። ጨረሩ ለጦር ቍስለኛ ሲውል ይህ የመጀመሪያው እንደ ሆነ ይነገራል። እንግዲህ ራጅ ገና ስድስት ወር ሳይሞላው ያየው ጥይት ከአገራችን የሄደ ነው። ቃሉም በኋላ ተመልሶ በጣልያንኛ ወደ እኛ መጣ።

ነጋዴዎች ሮንትገን ጨረሩን በስሙ አስመዝግቦ እንዲሸጥ ለመኑት። አላደረገውም፤ የተገኘው ነገር ለሰው ሁሉ መሆን አለበት ብሎ ያምን ነበር። የመኳንንት ማዕርግ ሲሰጡት አልቀበልም አለ። በ1901 የመጀመሪያው የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ገንዘቡን ለቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተናዘዘ፤ ያ ገንዘብም ከአንደኛው ጦርነት በኋላ የጀርመን ገንዘብ ሲወድቅ ዋጋ አጣ። ጨረሩ እንዲህ ያለ ዋጋ መጥሪያ ስላልተደረገበት ፈጥኖ ተዳረሰ። ጥፋቱም አብሮ ተዳረሰ፤ የኤዲሰን ረዳት ክላረንስ ዳሊን የመሰሉ ሠራተኞች እጃቸው እየተቃጠለና እየተቈረጠ ሞቱ። ሮንትገን ራሱ በእርሳስ ከለላ ይሠራ ስለ ነበር ከዚህ ተረፈ።

ሐኪሞች ከአጥንት ቀጥለው ደረትን ማየት ጀመሩ። ሮበርት ኮህ የሳንባ ነቀርሳን ባሲል በ1882 አግኝቶ ነበር፤ ነገር ግን በሕያው ሰው ደረት ውስጥ በሽታው የት እንዳለ የሚያሳይ አልነበረም። ሐኪም ያለው ጆሮው ብቻ ነበር። የጆሮ ማዳመጫውን የፈለሰፈው ላኤኔክ ራሱ በ1826 በዚሁ ነቀርሳ መሞቱን አስታውሱ። ራጅ ሲመጣ በሳንባ ራስ ላይ ነጭ ጥላ፥ በጥላውም ውስጥ እንደ ዋሻ የጠቈረ ቀዳዳ ታየ። ከዚያ ወዲህ ዋሻውን ያየ ሐኪም ነቀርሳ ነው ለማለት አያመነታም ነበር።

እኔን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቅርብ ዘመዴ ቆላው ውስጥ ታመመ። ኤች.አይ.ቪ. በደሙ እንዳለ ያወቀው ዘግይቶ ነው፤ መድኃኒቱንም ገና አልጀመረም ነበር። ሌሊት ሌሊት ልብሱ እስኪርስ ያልበዋል፥ ሰውነቱ ከሳ፥ ትንሽ ትንሽ ያስላል። ራጅ አነሡት። ፊልሙ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ያየለትም ሰው ሳንባው ደኅና እንደ ሆነ ነግሮ ሰደደው። የት እንደ ሆነ አልናገርም። እናቱ ቡና አፈላች፥ ፖስታውም ከግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ሁለት ወር ሙሉ ማንም ነቀርሳ የሚል ቃል አላነሣም፤ ፊልሙ ተናግሮአልና።

ፊልሙ ግን የተናገረው ሌላ ነገር ነበር። ከሕክምና ፋኩልቲ ጓደኞቼ አንዱ ካፌ ውስጥ በናፕኪን ላይ እየሣለ እንዳስረዳኝ፥ ራጅ ባሲሉን አያሳይም፤ ባሲሉ እጅግ ትንሽ ነው። የሚያሳየው ሰውነት ከባሲሉ ጋር የተዋጋበትን ስፍራ ነው። ሲዲ ፎር የሚባሉት የሰውነት ዘበኞች ጭፍራ ጠርተው ባሲሉን ይከቡታል፥ ያጥሩታል፤ በጦርነቱ መካከል የሳንባው ሥጋ ይበሰብስና ይቦረቦራል። ዋሻው እንግዲህ የባሲሉ ሥራ ብቻ አይደለም፥ የዘበኞቹም ነው። ኤች.አይ.ቪ. የሚገድለው እነዚሁኑ ዘበኞች ነው። ቍጥራቸው ከ200 በታች ሲወርድ የሚዋጋ ይጠፋል፤ ዋሻም አይቈፈርም። ያን ጊዜ ጥላው በሳንባው ራስ መሆኑ ቀርቶ በታችኛው ክፍል ይታያል፤ ወይም በሳንባው ሥር ያሉት ንፍፊቶች ያብጣሉ፤ ወይም በሳንባው ሽፋን ውሃ ይቋጥራል፤ ወይም በመላው ሳንባ ላይ ዳጉሳ የተበተነ ይመስላል። አንዳንድ ጊዜም ምንም አይታይም፤ በሽታው ግን በውስጡ አለ። ዋሻ ስለሌለም በአክታው የሚወጣው ባሲል ጥቂት ነው፤ ማይክሮስኮፕም ያልፈዋል። ሁለቱም ምስክሮች በአንድ ቀን ዝም ይላሉ።

ይባስ ብሎ ነገሩ ሊገለበጥም ይችላል። በሽተኛው የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ሲጀምር ዘበኞቹ ይመለሳሉ፥ ጦርነቱም እንደ ገና ይነሣል፤ ንጹሕ የነበረው ፊልም በሳምንታት ውስጥ ጥላ ያወጣል። ሰውየው እየዳነ ሥዕሉ ይከፋል። ይህን ያላወቀ ዘመድ መድኃኒቱ ገደለው ብሎ ሊያስጥለው ይችላል።

ዘመዴ የዳነው በአንገቱ ላይ ንፍፊት ሲያብጥ ወደ ሌላ ስፍራ ስለ ወሰዱት ነው። እዚያ ያገኙት ሰው ፊልሙን አይቶ አላበቃም፤ ስለ ሳሉ፥ ስለ ትኵሳቱ፥ ስለ ሌሊት ላቡና ስለ ክሳቱ አንድ በአንድ ጠየቀው። አክታውን ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያ ላይ አደረጉት፤ ይህ መሣሪያ የባሲሉን ዘር ራሱን ይፈልጋል፥ የዓለም ጤና ድርጅትም የተቀበለው በ2010 ነው። ነቀርሳ ተገኘ። ዘበኞቻቸው እጅግ ላነሰባቸው ደግሞ ከሽንት የሚታይ ሌላ ምርመራ አለ። ስድስት ወር መድኃኒት ዋጠ፤ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቱንም ጀመረ፥ እርሱ በአገራችን ከ2005 ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። ባለፈው መኸር ማሽላውን ራሱ አጨደ።

እንዲህ ስል ራጅ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምንም ሳይሰማው ነቀርሳ ሊይዘው ይችላል፤ ቢጠየቅም ደኅና ነኝ ይላል፥ ፊልሙ ግን ጥላውን ያሳያል። በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜው ከ15 ዓመት ጀምሮ ላለ ሰው የደረቱን ፊልም ኮምፒዩተር እንዲያነብ ፈቅዶአል፤ በባትሪ የሚሠራ፥ በመኪና ተጭኖ ገጠር የሚገባ መሣሪያም አለ። ፊልም አንባቢ ሐኪም በማይገኝበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ በሰሜን ወሎ ስንት ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ እንደ ተዘረፈ ያየ ሰው አንድ መሣሪያ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። ነገር ግን ፊልሙ ጥላ ካሳየ ፈልጉ ማለቱ ነው፤ ካላሳየ ግን የሚያልበውንና የሚከሳውን ሰው ወደ ቤቱ ስደዱት ማለቱ አይደለም። ሮንትገን ራሱ ከሠራው ሥዕል ይህን ያህል ነገር አልጠየቀም ነበር።

ወደ እርሱ ልመለስ። በ1900 ወደ ሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ነበር፤ ስለ ጨረሩ ግን ከ1897 ወዲህ ሌላ አልጻፈም። ሦስት ጽሑፍ ጽፎ ዝም አለ። የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል እንኳ የተለመደውን ንግግር አላደረገም። ጨረሩ ምን እንደ ሆነ፥ እንደ ብርሃን ሞገድ መሆኑን፥ በ1912 ያሳዩት በዚያው በሙኒክ የነበሩት ማክስ ፎን ላውኤና ጓደኞቹ ናቸው።

ጦርነቱ መጣ፥ ሄደም። በርታ ለብዙ ጊዜ ታማ በ1919 ሞተች። የጀርመን ገንዘብ ወረቀት ሆኖ ሲቀር ሽማግሌው ያጠራቀመው ሁሉ አብሮ ቀለጠ፤ ዓለም ሁሉ በሚከፍልበት ጨረር እርሱ ምንም ገቢ አልነበረውም። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1923 በሙኒክ በአንጀት ካንሰር ሞተ። በኑዛዜው ደብዳቤዎቹና የምርምር ማስታወሻዎቹ እንዲቃጠሉ አዝዞ ነበርና ተቃጠሉ፤ ስለዚህ በዚያ ዓርብ ማታ በጨለማው ክፍል ምን እንዳሰበ ከእርሱ አፍ የሚነግረን ጽሑፍ የለም። የበርታ እጅ ከነቀለበቱ ቀርቶአል። ዐፅሙ በጊሰን፥ በወጣትነቱ ባስተማረበት ከተማ፥ ከአባቱና ከእናቱ ከሚስቱም አጠገብ ተቀበረ።